ቁልፉ የምን እንደሆነ ሳንናገር እንዳናልፍ

እኩዮቼ፣ አብረን ያስተማርን፣ አብረን ያረጀን፣ ዛሬም በየወላጅ ኮሚቴውና በየዕድሩ ቃላችን የሚሰማ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ልወቅሳችሁ አይደለም፤ ወቀሳው ቢጀመር ከእኔ ነውና የሚጀመረው። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ሲመጣ ስለማይ፣ ያንኑም ነገር ከዚህ ቀደም ሲመጣ አይቼው ዝም ስላልሁ ነው። ሰው በወጣትነቱ ዝም ቢል ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ነው፤ በእርጅናው ዝም ያለ ግን ለልጆቹ የሚያወርሰው ያንኑ ዝምታውን ነው። እኔ እንዲህ ያለ ውርስ ትቼ ማለፍ አልፈልግም፤ እናንተም እንደማትፈልጉ አውቃለሁ።

ነገሩ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል። ልጆቻችን በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የሳምንቱ መርሐ ግብር ላይ ስዕል፣ ሙዚቃ፣ ቴአትር ተብላ የተጻፈች አንዲት ክፍለ ጊዜ አለች። በወረቀቱ ላይ አለች፤ በማውቃቸው ክፍሎች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የለችም። ፈተና ሲቃረብ ሒሳብ ይወስዳታል፤ መምህር ሲጎድል እንግሊዝኛ ይደረብባታል፤ የሚወስዳት ሲታጣ ደግሞ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይለቀቁባታል። በመንግሥት ትምህርት ቤትም አየሁት፤ ወላጅ ብዙ ብር በሚከፍልበት የግል ትምህርት ቤትም አየሁት። ማንም በአዋጅ አልሻራትም፤ ማንም ጠላቷ ነኝ አላለም። የሚያስፈራኝም እንዲህ ያለው ሞት ነው፤ ገዳይ የማይታወቅለት፣ ስለዚህም ለቅሶ የማይቀመጡለት ሞት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርሁ። ከግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋ በልጆች ስዕል የተሸፈነ፣ ከመስኮቷ ሥር ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ከበሮ የሚቀመጡባት፣ የስዕል መምህሩ በየማለዳው ከሰልፍ በፊት መጥቶ የሚከፍታት። አንድ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ውጤት ዝቅ አለ፤ እኔም ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተጨነቅሁ፤ ክፍሏ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጫ እንድትሆን ወሰንሁ። ከበላይ ታዝዤ አልነበረም፤ የራሴ ውሳኔ ነበር። መምህሩ አልተከራከረኝም። ቁልፉን ከማሰሪያው ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና ወጣ። ስዕሎቹን ከግድግዳው ለማንሳት ግማሽ ቀን አልፈጀብንም፤ መሣሪያዎቹም ንብረት ክፍል ገብተው የክራሩን ጅማት አይጥ በላው። በዚያ ዓመት ውጤታችን አልተሻሻለም፤ በቀጣዩም አልተሻሻለም። ቁልፉ ጡረታ እስክወጣ በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጠ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ወላጅ ወይም አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ይህ ቁልፍ የምን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። በመጨረሻ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ለተተኪዬ አስረከብሁት፤ እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርሁትም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚያው ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን በእንግድነት ተጠርቼ ሄድሁ። ታስታውሳላችሁ፤ በእኛ ጊዜ የወላጆች ቀን ማለት ልጆች ራሳቸው የጻፉትን ጭውውት የሚያሳዩበት፣ ራሳቸው የገጠሙትን ግጥም የሚያነቡበት፣ እናት ከሩቅ ቆማ የልጇን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከሁሉ ለይታ የምታውቅበት ቀን ነበር። በዚያ ቀን ግን ከትልቅ ስፒከር የታወቀ ዘፈን ተለቀቀ፤ ልጆቹም ተሰልፈው አፋቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ያምራሉ፤ ልብሳቸው አንድ ዓይነት ነው፣ እርምጃቸውም የተጠና ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ። ዘፈኑ ተቋረጠ፤ ልጆቹም ቆሙ። ስንኙን ከራሱ ጉሮሮ አውጥቶ የሚቀጥል አንድ ልጅ አልተገኘም፤ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ ዘፈኑ ቀድሞውንም የእነሱ ስላልነበረ ነው። መብራቱ እስኪመለስ በዚያ መድረክ ላይ የሰፈነው ጸጥታ፣ እኔ ያን ጊዜ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ያስቀመጥሁት እንደሆነ የገባኝ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

እኔ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ከመድረሴ በፊት ጎጃም ውስጥ ሁለት ዓመት በቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ለምኜ በልቻለሁ። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ትንሽ ናት፤ ግን የራሱ መሆን አለባት። ቀኑን ከዛፍ ሥር ወይም ከአንድ ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተገናኘ የኔታ ያርሙለታል፤ የጓደኛውን ቅኔ ይዞ የመጣ ልጅ ግን ምንም አላመጣምና የሚታረምለት ነገር የለውም። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። መወድስ ደርሶ በበዓል ቀን ከማኅሌቱ መሐል ሲቆምም አዲስ ይጠበቅበታል፤ አምና የተሰማው ቅኔ ለዘንድሮው በዓል አይሆንም።

እስቲ ይህን ነገር በእርጋታ አስቡት። ያ ትምህርት ቤት ወንበር አልነበረውም፣ ሰሌዳ አልነበረውም፣ ብዙ ጊዜም እራት አልነበረውም፤ ነገር ግን ከደሃ ቤት የወጣውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትናንት ያልነበረ ምን ነገር ይዘህ መጣህ ብሎ በየቀኑ ይጠይቀው ነበር። ልጁ ረሃቡንም፣ ናፍቆቱንም፣ ቁጣውንም ይዞ ይሄድና በሁለት ቤት ውስጥ አስሮ ይመለሳል። ይህ ደግሞ በቤተ ክህነት ብቻ የነበረ አይደለም። የወሎ ሼኽ መንዙማን ለደረሳው በቃል ሲያስተላልፍ፣ የሐረር እናት ስፌትን ለልጇ ስታስለምድ፣ የዶርዜ አባት ልጁን ከሸማው ጉድጓድ አጠገብ ሲያስቀምጥ፣ ሁሉም ልጁን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ እጅህ ምን ሠራ? ሁሉም የሚያውቁት ነገርም ነበር፤ እጁ ያልተጠየቀ ልጅ ሲያድግ አፉም አይጠየቅም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን እገልጣለሁ። ጥያቄውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ መልሱንም የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ከእሱ የሚጠበቀው ከሀ፣ ከለ፣ ከሐና ከመ አንዱን መርጦ ማክበብ ነው። እንዲህ ያለ ፈተና እኔም ስንት ዓመት አውጥቻለሁ፤ ለሚገባው ቦታ ሲውል ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ከቀረበለት መምረጥን ብቻ የለመደ ልጅ፣ ያልቀረበለት ነገርም ሊኖር እንደሚችል በምን ያውቃል? ሰዎች ሁለት ክፉ መንገዶችን በፊቱ ዘርግተው ወይ ይህን ያዝ ወይ ያን ያዝ ቢሉት፣ ሁለቱም አይሆኑኝም፣ ሦስተኛውን ራሴ አወጣለሁ የሚል ልብ ከየት ያመጣል? እኛ ያለፍንበትን ዘመን የምታስታውሱ ሰዎች፣ በዚህ አገር ወጣቶች ከተሰጣቸው ሁለት መፈክር አንዱን እየመረጡ እንዴት እንደተጫረሱ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። የቀበርናቸው አብረውን የተማሩት ናቸው።

ዘመናዊው ትምህርት ወደ አገራችን ሲገባ ከዚያ ከጥንቱ ጥያቄ ጋር አልተጣላም ነበር። ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈተ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት፣ የመጀመሪያዎቹ የአገራችን ቴአትሮች ሲወለዱ የተማሪ ቤት መድረክ እንደ እናት አቅፎ አሳድጓቸዋል። ከደብረ ኤልያስ የመጣው ዮፍታሔ ንጉሤ በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነበር፤ አዲስ አበባ ገብቶ መምህር ሲሆን ያን ችሎታውን ከደጅ ጥሎት አልገባም፤ ተማሪዎች የሚጫወቷቸውን ቴአትሮችና የሚዘምሯቸውን መዝሙሮች ጻፈበት እንጂ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት መጻፍ የጀመረው ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ነው። አንድ ልጅ የጻፈውን ሌሎች ልጆች ቆመው ይጫወቱለት ዘንድ መድረክ የሰጠው ትምህርት ቤት፣ ለአገሩ አንድ ባለ ቅኔ እንዳቆየላት ያን ቀን አላወቀም ይሆናል። መልካም ዘር የሚዘራ ሰው ብዙ ጊዜ መከሩን አያይም፤ ዘሩን የከለከለ ሰውም እንዲሁ ረሃቡን ላያይ ይችላል፤ ረሃቡ ግን መምጣቱ አይቀርም።

ሌላም ነገር ላስታውሳችሁ፤ ባሰብሁት ቁጥር ደስታና ኀዘን አብረው የሚመጡብኝ ነገር ነው። አንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመጣ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ስለ አውሮፕላን ምህንድስና እንዲማር ነበር። የላኳቸው ሰዎች ለአገር አስበው ነው፤ ማዕድን ያስፈልገን ነበር፣ አውሮፕላንም ያስፈልገን ነበር። ነገር ግን ሁለቱም የገቡባቸው ትምህርት ቤቶች የስዕልና የሙዚቃ ትምህርት ነበራቸው፤ መምህራኑም በአንዱ ልጅ እጅና በሌላው ጆሮ ውስጥ ያለውን አይተው መንገዱን አሳዩአቸው። አፈወርቅ ተመልሶ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ስዕል ሠራ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አንድነታቸውን የፈረሙት በዚያው አዳራሽ ነው። ሙላቱም የአገሩን ቅኝቶች ለዓለም ጆሮ የሚያደርስ አዲስ የሙዚቃ መንገድ ከፈተ። ደስታዬ ይህ ነው። ኀዘኔ ደግሞ የእነዚህ ሁለት ልጆች ስጦታ የታየው ባሕር ማዶ በተከፈተች አንዲት ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። እኔ የቆለፍኋትም እንዲያ ያለችውን ክፍል ነበር። በእኔ ዘመን በዚያ ግቢ ያለፉት ልጆች ምን ይዘው እንዳለፉ ማን ያውቃል? እነሱ ራሳቸውም አያውቁም፤ ያልተጠየቀ ስጦታ ከባለቤቱ ሳይቀር ይደበቃል።

ይህ የገባቸው ሰዎች በመካከላችን ነበሩ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ ለራሳቸው ስም ብቻ መሥራት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቆሙ፤ እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ እነ እስክንድር ቦጎሲያንም ከውጭ ሲመለሱ የሚያስተምሩበት ቤት ሆነ። አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው የምዕራቡን ሙዚቃ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀመጡ፤ የእረኛን ዋሽንት ወደ ኦርኬስትራ ድርሰት ያሻገረ ሰው እረኛውን አይንቅምና። ሁለቱም ቤቶች ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆመዋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ፤ በአንደኛ ክፍል እርሳስ ይዞ የእናቱን ፊት እንዲስል ያልተጠየቀ ልጅ፣ በሃያ ዓመቱ ወደዚያ ደጅ የሚያመጣው ምንድን ነው? ጣራው ቆሞ መሠረቱ ሲሸረሸር ቤቱ ወዲያው አይወድቅም፤ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ይመስላል፤ አሁን ያለነውም በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሄደው ክር ሲበጠስ ምን እንደሚመስል ከዚህ ቀደም አይተናልና ነው የምፈራው። በገናን አስታውሱ። አሥሩ አውታሮቹ ሲደረደሩ ቤቱ ሁሉ ጸጥ የሚልለት፣ በዐቢይ ጾም ከየቤቱ የሚሰማ የአባቶች መሣሪያ ነበር። በእንጦጦ ልጅ ሳሉ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩት መምህር ዓለሙ አጋ በያሬድ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተማሩት፤ በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ትምህርቱ ቆመ። ያን ጊዜ ብዙ ሌላ ለቅሶ ነበረና ለአንድ የትምህርት ክፍል መዘጋት ያለቀሰ የለም። ከዚያ በኋላ በገና የሚደረድር ወጣት ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደከበደ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መሣሪያው ዛሬ የተመለሰው ጥቂት ሰዎች በየቤታቸው ይዘውት ስለቆዩ ነው፤ እነዚያ ጥቂቶች በዚያ መሐል አልፈው ቢሆን ኖሮ እንጨቱና ጅማቱ በሙዚየም ይቀር ነበር፣ ጣቱ ግን አይቀርም ነበር። መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ይፈለጋል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ግን አንድ ትውልድ ከዘለለው የሚቀጥለው ትውልድ ምን እንደጠፋበት እንኳ አያውቅም።

ከዚያው ዘመን ሌላ ትምህርትም አለን፤ እሱንም ልሸሽገው አልወድም። ደርግ ኪነትን አልዘጋም፤ እንዲያውም በየቀበሌው የኪነት ጓድ አቋቁሞ ነበር። ልጆቻችን ዘመሩ፣ ጨፈሩ፣ ድራማም ሠሩ፤ ከመካከላቸውም በእርግጥ ባለ ሙያ ወጥቷል። ነገር ግን የሚዘምሩት ቃል ከላይ ተጽፎ የመጣ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ቃሉም አብሮ አለፈ፤ ብዙዎቹ ልጆችም የራሳቸው ቃል ሳይኖራቸው ቀሩ። ስለዚህ የምለምናችሁ ልጆች በበዓል ቀን ተሰልፈው እንዲዘፍኑ አይደለም፤ ይህማ ዛሬም አለ። የምለምናችሁ ልጁ ከራሱ አውጥቶ እንዲሠራ፣ የሠራውንም ሰው አይቶ እንዲያርምለት ነው። ያለ እርማት የሚሠራ እጅ አያድግም፤ ሳይሠራ የሚታረም እጅ ደግሞ የለም።

አንዳንዶቻችሁ በውስጣችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁና። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 ከመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ሲወሰን፣ አገር የምትገነባው በመሐንዲስ ነው ብለን አጨበጨብን። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ሲሆን ደነገጥን፤ ልጅ ሒሳብ ሳያውቅ ምን የስዕል ጊዜ ነው አልን። ድንጋጤው እውነተኛ ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ግን በሽማግሌ ወግ ልጠይቃችሁ፤ እነዚያ ልጆች የወደቁት ስዕል ሲስሉ ውለው ነው? ማሲንቆ ሲመቱ አምሽተው ነው? ያን ክፍለ ጊዜ እኮ ቀድመን ወስደንባቸዋል። የወሰድነው ሰዓት ሒሳብ ሆኖ አልመለሰልንም። እኔ በዚያች ክፍል የማጠናከሪያ ትምህርት ስሰጥ ልጆቹ ደክሟቸው ጠረጴዛው ላይ ይተኙ ነበር፤ በዚያችው ክፍል በስዕል ጊዜ የተኛ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። ትዕግሥትን፣ ልኬትን፣ ያበላሹትን መልሶ መሥራትን የሚያስተምር ሰዓት የሒሳብ ጠላት እንዳልሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝን ልንገራችሁ። በነዚህ ዓመታት ብዙ ልጆቻችን ጦርነት አይተዋል። ቤት ሲነድ ያዩ፣ አባታቸውን ሳይሰናበቱ ያጡ፣ ከቀዬአቸው ተነቅለው በመጠለያ ያደጉ ልጆች ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠዋል። ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በንግግር አይናገረውም፤ ቃሉ ገና የለውም። በጭቃ ይናገረዋል፣ በከሰል ይናገረዋል፣ ከበሮ በመምታት ይናገረዋል፤ ያን መውጫ ስንነፍገው ኀዘኑ አይጠፋም፤ ውስጡ ይቀመጥና አብሮት ያድጋል፤ ጊዜው ሲደርስም በማናውቀው በር ይወጣል። ከታሪካችን አንድ ነገር ላንሳ፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችን አገኙ፤ ሙዚቃ ተምረው፣ መሣሪያ ይዘው ነበር። ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ አርባ ልጆች ተባሉ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ በዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ መጀመሪያ ላይ ከሚቆሙት አንዱ ያ ባንድ ነው። ዓለም ሁሉን የወሰደባቸው ልጆች እጅ ላይ አንድ ሰው መሣሪያ አስቀመጠ፤ የማናውቃቸው ወላጅ አልባ ልጆች የአገራችን ዜማ አካል ሆኑ። እኛስ በራሳችን ልጆች እጅ ላይ ምን እያስቀመጥን ነው? ልጅ እጁ ባዶ ከሆነ የሚሞላለት አይጠፋም፤ የሚሞላለት ሰው ግን ሁልጊዜ ወዳጁ አይደለም።

በዚህ ከቀጠልን የሚመጣው ይታየኛል። ቆንጆ ሕንፃ ሠርቶ የግድግዳውን ስዕል ከሌላ አገር የሚገዛ ከተማ ይታየኛል። ሠርግና ለቅሶ ኖሮት፣ ለሠርጉም ለለቅሶውም የራሱ ቃል የሌለው ሕዝብ ይታየኛል። ከሚሰማው ጩኸት ሁሉ ከፍ ያለውን እውነት ነው ብሎ የሚከተል ወጣት ይታየኛል፤ ድምፅን ከድምፅ መለየት፣ ሰምን ገልጦ ወርቅን መፈለግ ማንም አላስተማረውምና። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም፤ አንዲት ክፍለ ጊዜ ለዛሬ ብቻ እየተባለች ስትወሰድ በዝግታ ይመጣል።

ነገር ግን ገና አልመሸም፤ ጨልሞ ቢሆንማ ይህን ባልጻፍሁ። በቅርቡ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የእይታ ጥበባት በአንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ገብቷል፤ ወረቀቱ በሩን ከፍቶልናል፤ የቀረው በበሩ መግባት ነው። የሚያስፈልገው ወጪ ከምትፈሩት ያንሳል። ከሰል አለ፣ ጭቃ አለ፣ ሸምበቆ አለ። በየሰፈራችሁ ማሲንቆ የሚመታ ሰው አለ፤ መሶብ የምትሰፋ እናት አለች፤ ቅኔ የሚያውቁ መሪጌታ፣ መንዙማ የሚያወርዱ ሼኽ አሉ፤ እንደ እኛ ጡረታ የወጣ የስዕል መምህር በየቡና ቤቱ ብቻውን ተቀምጧል። በሳምንት አንድ ሰዓት ኑልን ብትሏቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ የጠራቸው ሰው ስለሌለ ነው ቤታቸው የዋሉት። በመስከረም የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ስለ መዋጮውና ስለ አጥሩ ከተነጋገራችሁ በኋላ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ያቺ ክፍለ ጊዜ ባለፈው ሳምንት ለምን ዋለች? ሽማግሌ ደጋግሞ የሚጠይቀው ነገር ሳይመለስ አይቀርም።

እኔ ከዚያ የወላጆች ቀን በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ክፍሏ እንደቆመች ናት፤ የተሰበሩ ዴስኮች ተከምረውባታል። አሁን ያለችውን ርዕሰ መምህርት ስለ ቁልፉ ጠየቅኋት፤ በቅን ልቦና ተነስታ ከግድግዳው ላይ ትልቅ የቁልፍ ማሰሪያ አወረደችልኝ። ከሃያ የሚበልጡ ቁልፎች ታስረውበታል፤ ሌሎቹ ላይ የየክፍሉ ቁጥር ተለጥፏል፤ አንዱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ይህ የምን እንደሆነ አናውቅም፣ ግን እንዳይጠፋ ብለን አስቀመጥነው አለችኝ። በእጄ ይዤ ቆምሁ። ቁልፉ አልጠፋም ነበር፤ በሩም አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ቁልፉ የየትኛው በር እንደሆነ የሚናገር ሰው ነበር። እኩዮቼ፣ እንዲህ ያለ ቁልፍ በየትምህርት ቤቱ ተንጠልጥሎ አለ፤ የትኛውን በር እንደሚከፍት የምናውቀው እኛ፣ ቀናችን የተቆጠረ ሰዎች ብቻ ነን። ሳንናገር እንዳናልፍ። እኔ ለርዕሰ መምህርቷ ነገርኋት፤ እርሷም ትንሽ ወረቀት ቀድዳ ስሙን ጻፈችበት።